ሃምሳ ሁለት ደቂቃ እስከ ጓሮ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የከተማው አውቶቡሶች ስንት ሰዓት ተነሥተው ስንት ሰዓት እንደሚደርሱ የሚወስነው እሱ ነበር። ሾፌሮቹ ጋሽ ደቂቃ ይሉታል። ፊት ለፊት ሲሆን ነው "ጋሽ" የሚባለው፤ ከኋላው ደቂቃ ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን አልጠላውም። አንድ ቀን ከመካኒኮቹ አንዱ በስምሪት ክፍሉ በር ላይ በጠመኔ "እዚህ ቤት ደቂቃ ይታሰራል" ብሎ ጻፈበት። ጋሽ ደቂቃ ጽሑፉን አላጠፋውም። "ይታሰራል" የሚለውን ብቻ ሰርዞ "ይቆጠራል" ብሎ አረመውና ወደ ሥራው ገባ።

ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። አሁንም ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። ጢሙን ይላጫል፣ ሻዩን ያፈላል፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ ወፍራም ባለመስመር ደብተር ይከፍታል። ደብተሩ ውስጥ ግን አውቶቡስ የለም። አንዲት ፀሐይና ስድስት ፕላኔቶች አሉ።

ፀሐይቱ ምድጃ ትባላለች። ለእሷ ቅርብ የሆነችው ቁራሽ ናት፤ ትንሽ፣ በአንድ በኩል ያረረች፣ በስልሳ ቀን ዙሯን የምትጨርስ። ቀጥሎ መንታ አለች። መንታ ሁለት ጨረቃዎች አሏት፤ ስለማይስማሙ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ገንቦ ከዳር እስከ ዳር ውሃ ነው። ድንቡሼ ከሁሉም ይወፍራል፤ ወገቡ ላይ ቀለበት የሚመስል ቀበቶ አለው፣ እሱም በግድ ነው የሚዞርለት። ዝምታ ላይ ነፋስ ነፍሶ አያውቅም። የመጨረሻው ጓሮ ነው። ጓሮ ሩቅ ነው፣ ብርድ ነው፣ ከቤት የጠፋ ዕቃ ሁሉ የሚገኘው እዚያ ነው፤ ጎደሎ ካልሲ፣ ኳስ፣ የቁም ሣጥን ቁልፍ።

ይህን ሁሉ ብቻውን አልፈጠረውም።

ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ እሱንና ሰባት ዓመት የሆነውን ታናሽ ወንድሙን ኩፍኝ ያዛቸው። እናታቸው ብርሃን ዓይናቸውን እንዳይጎዳው ብላ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ ሁለት ሳምንት አስተኛቻቸው። ጨለማው ግን ቀዳዳ ነበረው። ከቆርቆሮው ጣሪያ ምስማር የወለቀባቸው ስድስት ቦታዎች ነበሩ፤ አንድ ደግሞ የድሮ ምድጃ ጭስ ማውጫ ያለፈበት ሰፊ ቀዳዳ። ረፋዱ ላይ ሰባት የብርሃን ነጥቦች ከግድግዳው ወርደው ቀስ እያሉ ወለሉን ያቋርጣሉ። ልጆቹ ሌላ የሚያዩት ስላልነበራቸው እነሱን አዩ።

ታላቁ በከሰል ወለሉ ላይ ምልክት እያደረገ ለካቸው። ቁራሽ አንድ ስንዝር ስትሄድ ጓሮም አንድ ስንዝር ይሄዳል። ሁሉም እኩል ይጓዛሉ። ታናሹ ለፍጥነቱ ደንታ አልነበረውም። እሱ እነማን እንደሚኖሩባቸው፣ ምን እንደሚበሉ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ያወራ ነበር። እናታቸው ወለሉን አይታ ሁለቱንም ተቆጣች፤ ከሰሉን የያዘው ታላቁ ቢሆንም ጆሮውን የተቆነጠጠው ታናሹ ነበር፣ ቀርቦ ስለተገኘ።

ጋሽ ደቂቃ በሃያ ስምንት ዓመቱ ስምሪት ክፍል ሲቀጠር ታናሹ በዚያው ዓመት ሾፌር ሆኖ ገባ። እጅና ጓንት ነበሩ። ስምሪት ክፍል የመጀመሪያ ሳምንት ያስተማሩት ነገር አጭር ነው፤ ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ጊዜ ይሆናል፣ ፍጥነቱም ለሁሉም መስመር አንድ ነው፣ ከነመቆሚያው በሰዓት አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር። ይህን ሲሰማ የልጅነቱ ወለል ትዝ አለው። ማታውኑ ደብተር ገዝቶ ስድስቱን ፕላኔቶች በጊዜ ሰሌዳ አስገባቸው። ጓሮ ከቁራሽ አሥር እጥፍ ስለሚርቅ አሥር እጥፍ ይፈጅበታል፤ ስድስት መቶ ቀን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስድስቱንም ከምድጃ ፊት በአንድ መስመር አሰለፋቸውና ድጋሚ እንደዚያ የሚሰለፉበትን ቀን አሰላ። አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ቀን ሆነ።

በማግስቱ ጋራዡ ክበብ ውስጥ ለታናሹ አሳየው።

"በዓመት ስንት ነው?" አለ ታናሹ አፉን እንደሞላ።

"ሠላሳ አራት ዓመት ከስድስት ወር።"

"ወንድም ጋሼ፣ ያኔ ጥርስ ይኖረናል?"

"ቀልድ አይደለም። በዚያ ቀን የትም እንሁን የት እንገናኛለን። ከጠዋቱ አራት ሰዓት።"

"የት?"

ጋሽ ደቂቃ አሰበ። በዚያ ወር መስመር አሥር የሚባል አዲስ መስመር ተከፍቶ ነበር፤ ከሁሉም የሚርቀው። "የመስመር አሥር የመጨረሻው ፌርማታ።"

"ጓሮ በለኛ!" አለ ታናሹ። ሁለቱም የደብተሩ ሽፋን ውስጥ ፈረሙ። ታናሹ ቀኑን በቁራጭ ወረቀት ገልብጦ መንጃ ፈቃዱ ውስጥ ከተተው።

ከዚያ ወዲህ ደብተሩ አራት ሆኗል። ጋሽ ደቂቃ አንድም ቀን ሳያልፈው ስድስቱ የት እንደደረሱ ጽፏል፤ ልጁ የተወለደች ቀንም፣ ሚስቱ የሞተች ቀንም። ከታናሹ ጋር ግን ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የመዘግየት ሪፖርት ያለበት ሾፌር ከመሪ እንዲነሣ አዘዘ። በዚያው ወር ታናሹ ወደ መስመር አሥር ተዛወረ። መስመሩ በሰሌዳው ላይ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው። ታናሹ በሃምሳ ዘጠኝ ደረሰ። በማግስቱ በስልሳ። ሁለተኛው ሪፖርት የተጻፈበት ዕለት ስምሪት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

"ወንድም ጋሼ፣ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አይበቃም።"

"አሥራ አምስት ነጥብ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው። ይበቃል።"

"በካርታ ላይ ነዋ!"

"ሌሎቹስ እንዴት ይደርሳሉ? በመስመሩ ላይ አምስት ሾፌር አለ። የሚዘገየው አንተ ብቻ ነህ።"

ታናሹ በመስኮት ወደ ጋራዡ ግቢ ተመለከተ። ሾፌሮቹ ጎማ ላይ ተቀምጠው ይሳሳቁ ነበር። "ስለ ሌሎቹ ሌሎቹን ጠይቅ" አለና ወጣ።

ሦስተኛውን ሪፖርት ጋሽ ደቂቃ ፈረመበት። ዝም ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ማንም ትንፍሽ አይልም ነበር። "ወንድሜ ነው ብዬ ብተወው ነገ ሰሌዳዬን ማን ያምነኛል?" አለ ለክፍሉ ጸሐፊ። ታናሹ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ፤ የጡብ ማምረቻ ጭነት መኪና ያዘ። ከዚያ በኋላ የተያዩት አንዴ ነው፤ የጋሽ ደቂቃ ሚስት ቀብር ላይ። ታናሹ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ነበር። አፈሩ ሲመለስ ጋሽ ደቂቃ ዞር ቢል የለም።

አሁን አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶኛው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ቀርቶታል። የሚውለውም ቅዳሜ ነው። ጋሽ ደቂቃ ለማንም አይናገር እንጂ ከወር ወዲህ እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነው። የወንድሙን ደጅ ለማንኳኳት እግሩ አይታዘዝለትም፤ አንኳኩቶስ ምን ይላል? ቅዳሜ ግን ማንም ማንንም ሳይለምን፣ አስታራቂ ሳይጠራ ሊገናኙ ይችላሉ። ከሃያ ስምንት ዓመቱ ጀምሮ የተያዘ ቀጠሮ ነው። ይህ ካለፈ የሚቀጥለው ሌላ ሠላሳ አራት ዓመት ከስድስት ወር ይፈጃል። ያኔ በእርግጥ ጥርስ አይኖራቸውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሂሳቡን ለማረጋገጥ ልጁን ጠራ። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ አብራው ትኖራለች፤ የፈተና ወረቀት ከፊቷ ከምራ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ነበር።

"እስቲ ይችን እይልኝ። መደመሩን ብቻ።"

የአባቷን ደብተር ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አይታው አታውቅም። አንድ ገጽ አነበበች፣ ሌላ ገለጠች። ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ።

"አባባ፣ ፍጥነታቸው ለሁሉም አንድ ነው እንዴ?"

"አንድ ነው።"

"እንዴት አንድ ይሆናል?"

"እንዴት አይሆንም?"

"ፕላኔት እኮ አውቶቡስ አይደለም። ለፀሐይዋ የቀረበው ስበቷ ስለሚበዛበት ይፈጥናል። ዳር ያለው ቀርፋፋ ነው። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ራሱ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።" ወረቀት ስባ ጻፈች። "ጓሮ አሥር እጥፍ ከራቀ፣ አሥር ጊዜ አሥር ጊዜ አሥር፣ ሺህ። የሺህ ካሬ ሥር ሠላሳ አንድ ከምናምን። ስለዚህ የሚፈጅበት ስድስት መቶ ቀን ሳይሆን አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ሰባት ነው። ከአምስት ዓመት በላይ።"

ጋሽ ደቂቃ ወረቀቱን ወስዶ ራሱ አባዛ። ትክክል ነው።

"ታዲያ የሚሰለፉት መቼ ነው?"

ልጁ እስክሪብቶውን ነከሰች። "ልክ በልክ ከሆነ... መቼም። ቁጥሮቹ እርስ በርስ አይገጥሙም። አንዴ ከተሰለፉ በቃ ነው።" አባቷን አየችው። "አባባ፣ ደበረህ እንዴ? ተማሪዬ ብትሆን ዜሮ እሰጥህ ነበር፤ ለንጽሕናው ግን አምስት እጨምርልሃለሁ።"

"ለአባትሽ አምስት?"

"ከመቶ አላልኩም፤ ከአሥር ነው።"

ሳቀ፤ ለእሷ ሲል። ቅዳሜ ቀጠሮ እንዳለው አልነገራትም።

ጋሽ ደቂቃ በሥራ ዘመኑ አንድ ደንብ ነበረው። ስህተት የተገኘበት ሰሌዳ ሳይውል ሳያድር ከግድግዳ ይወርዳል። ማን ሠራው፣ ስንት ዓመት ተሰቀለ፣ አይጠየቅም። ዓርብ ጠዋት ሻዩን አፍልቶ ተቀመጠና ደብተሩን ሳይከፍት ቆየ። በደንቡ ከሄደ ቀኑ የለም። አሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ የሚባል ቀን ኖሮም አያውቅ። ወንድሙ ነገ እዚያ ፌርማታ ላይ ቢገኝ ለማይኖር ቀን ነው የሚመጣው፤ እሱስ ውሸት መሆኑን እያወቀ በምን ዓይኑ ሊያየው ይሄዳል?

ግን ከልጁ ንግግር አንዲት ነገር ጆሮው ውስጥ ቀርታለች። ዳር ያለው ቀርፋፋ ነው።

እየደጋገመ አላት። ቀትር ላይ ተነሥቶ ከቁም ሣጥኑ በላይ የተጠቀለለውን የድሮ የመስመሮች ካርታ አወረደ። መስመር አሥር በቀይ ተሠምሯል። በመለኪያ ጎማ ካርታው ላይ እያሽከረከረ የለካው እሱ ነው። መስመር ሦስት ላይ ስለሚኖር መስመር ሦስትን ያውቃል፤ መስመር ስድስትን፣ ስምንትንም ሄዶባቸዋል። መስመር አሥርን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶበት ያውቃል? በሠላሳ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን። ካርታውን ጠቅልሎ መለሰው። የዓርብን ገጽ በድሮው ሂሳብ ሞላው።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ ከዋናው ተርሚናል የሚነሣውን መስመር አሥር ተሳፈረ። በሰሌዳው አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። ሾፌሯ ወጣት ሴት ናት፤ መሪውን እንደ ሊጥ እያገላበጠች ትነዳለች። የባቡር ሐዲዱ ማቋረጫ ላይ አራት ደቂቃ ቆሙ። የመቃብሩን ዳገት አውቶቡሱ እያቃሰተ ወጣው፤ በጎናቸው አንድ ሽማግሌ በብስክሌት አለፋቸው። ድንጋይ ማውጫው ጋ ሲደርሱ ሾፌሯ መኪናውን አዙራ አቆመችና ሞተር አጠፋች። አስፋልቱ እዚያ ያልቃል። የጋሽ ደቂቃ ሰዓት ሦስት ከሃምሳ ስድስት ይላል።

የቀሩት ተሳፋሪዎች ከእሱ ጋር ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ያለ አንዳች ጥያቄ ወረዱ። ከሁለቱ አንዷ ከባድ ዘንቢል የያዘች ወይዘሮ ናት።

"አባባ፣ እዚህ ነው የሚወርዱት" አለች ሾፌሯ።

"መስመሩ እኮ ሦስት ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።"

"ሰሌዳው ላይ ነው የሚቀረው። ሁላችንም ከዚህ ነው የምንመለሰው፤ ድሮም እንደዚሁ ነው። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው የተሰጠን። እዚህ አራት ደቂቃ እንቆምና እንደደረስን አድርገን እንሞላለን።"

"ማነው ሃምሳ ሁለት የሰጣችሁ?"

"እኔ እንጃ! ድሮ ጋሽ ደቂቃ የሚሉት ሰውዬ ነበር አሉ። በሕልሙ ሳይነዳው አይቀርም።"

ወይዘሮዋ ዘንቢሏን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች በመስኮቱ በኩል ወሬው ውስጥ ገባች። "አንድ ሾፌር ብቻ ነበር እስከ ላይ የሚያወጣን። ደግ ሰው። እሱንም አነሡት።"

ጋሽ ደቂቃ ሰዓቱን ተመለከተ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ አልነበረም። ሌላ የሚያይበት ቦታ ስላጣ ነው።

"የኔ ልጅ፣ እስከ መጨረሻው ውሰጂኝ" አለ። "እሳቸውንም አሳፍሪ። ሪፖርት የሚጽፍብሽ ካለ ደቂቃ ራሱ አዞኝ ነው በይ።"

ሾፌሯ በመስታወቱ ውስጥ ትኩር ብላ አየችው። መጀመሪያ የሸሚዝ ኪሱ ላይ በቁመት የተደረደሩትን ሦስት እስክሪብቶዎች፣ ከዚያ ሰዓቱን። "በሞትኩት!" አለችና አፏን በእጇ ያዘች። በሩን መልሳ ከፈተችው። ወይዘሮዋ ስትገባ ሞተሩን አስነሣች።

መንገዱ ድንጋይ ነው። አውቶቡሱ እንደ ሕመምተኛ እየተጠነቀቀ ይሄዳል። ወይዘሮዋ ሁለት ጊዜ "ተባረኪ" አለች፣ ለሾፌሯ። የመጨረሻው ፌርማታ አንድ አግዳሚ ወንበርና የዛገ ምሰሶ ነው። ከዛፉ ሥር የጡብ ጭነት መኪና ቆሟል። አግዳሚው ላይ አንድ ሰው እግሩን አንፈራጥጦ ተቀምጧል፤ ሸብቷል፤ ክንዶቹ ላይ የጡብ አቧራ አለ።

ጋሽ ደቂቃ ወረደ። ሰውየው ከተቀመጠበት አልተነሣም። የስልኩን ሰዓት ወደ እሱ አዞረ።

"አራት ከአሥራ አንድ። አሥራ አንድ ደቂቃ አሳለፍክ፣ ወንድም ጋሼ። ሪፖርት ልጻፍብህ ወይስ በቃል ማስጠንቀቂያ ትታለፍ?"

ጋሽ ደቂቃ ከቤቱ ሲነሣ ያዘጋጀውን ንግግር ተወው።

"ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አይበቃም" አለ።

ወይዘሮዋ በአጠገባቸው ስታልፍ ታናሹን አይታ ቆመች፤ "አንተ! አለህ እንዴ!" ብላ ጉንጩን ሳመችውና መንገዷን ቀጠለች።

"ይቺን ለማለት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብህ?"

"ዛሬ ነው የሄድኩበት። በሠላሳ ሁለት ዓመት ዛሬ ገና።"

"እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።"

"ሌሎቹ ድንጋይ ማውጫው ጋ እንደሚመለሱ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬህ ቢሆን አምስታችንንም ታነሣን ነበር። ልጆች ነበሯቸው።" ከመኪናው ወደ አውቶቡሱ አየ። "ደግሞ ተናድጄ ነበር። ወንድሜ ራሱ ይጠይቅ ብዬ።"

ጋሽ ደቂቃ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰው የሚያህል ቦታ በመሐላቸው ነበር። ደብተሩን ከቦርሳው አወጣ።

"ሌላም አለ። አይሰለፉም።"

"እነማን?"

"ስድስቱ። ልጄ አየችው። ዳር ያሉት ቀርፋፋ ናቸው። ሂሳቡ ከመጀመሪያው ስህተት ነበር።"

"በትክክለኛው ሂሳብ ታዲያ መቼ ነው?"

"መቼም።"

ታናሹ ከመንጃ ፈቃዱ ውስጥ አንድ የተጣጠፈ፣ ጠርዙ የተበላ ወረቀት አወጣ። ቀኑ ተጽፎበታል። አገላብጦ አየው፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ልክ በልጅነቱ ጆሮውን ከመቆንጠጡ በፊት ይስቅ እንደነበረው።

"እንኳን ልጅህ ድሮ አልተማረችልህ! ብትነግርህ ኖሮ እኔ እዚህ ብቻዬን ልጎለት ነበር።"

"አትሳቅ። ሠላሳ አራት ዓመት ነው የጻፍኩት።"

"ጻፈው ማን ከለከለህ። ጓሮ ቀርፋፋ መሆኑን ግን እኔን ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። የማን መስመር ሆነና።"

ጋሽ ደቂቃ ከሦስቱ እስክሪብቶዎች አንዱን መዘዘ። ባዶ ገጽ ገለጠ። ላዩ ላይ "መስመር ፲" ብሎ ጻፈና ጠበቀ።

"በል ንገረኝ። ስንት ይበቃዋል?"

"ለምን? ጡረታ አልወጣህም እንዴ?"

"ሰኞ ጠዋት ስምሪት ክፍል እወስደዋለሁ። ባይቀበሉኝም እወስደዋለሁ።"

ታናሹ አሁን አልሳቀም። ወደ መንገዱ ተመለከተ፣ ከንፈሩ ሲቆጥር ይታይ ነበር። "ባቡሩ ካላስቆመ ስልሳ። ካስቆመ ስልሳ አራት። ዝናብ ከሆነ ግን ከድንጋይ ማውጫው ወዲህ ጭቃ ነው፤ ሰባ ስጣቸው። ሰዎቹ ዕቃ ይዘው ነው የሚወርዱት፣ አታስቸኩላቸው።"

ጋሽ ደቂቃ ሰባ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ፈረመ። ደብተሩን ለታናሹ አቀበለው፣ እሱም ፈረመ።

አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ሾፌሯ አንገቷን በመስኮት አወጣች፤ "ጋሽዬ፣ ይመለሳሉ? ዘግይቻለሁ!"

"ሂጂ፣ ሂጂ የኔ ልጅ" አለ ጋሽ ደቂቃ። ከዚያ ወደ ታናሹ ዞረ። "የሚቀጥለው በአርባ ደቂቃ ይደርሳል።"

"በሰሌዳህ?"

"በሰሌዳዬ።"

"እንግዲያው አይመጣም። ድንጋይ ማውጫው ጋ ነው የሚመለሰው።" ታናሹ በመሐላቸው ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገ። "ተጠጋ። መኪናው አለ፣ አደርስሃለሁ። መጀመሪያ ግን ንገረኝ፣ የመንታ ጨረቃዎች ታረቁ?"